የጓዶቹ ጨጓራ

«ሠራተኛዬ ናት» አለች አሰፋሽ በስልክ። «ህንዶች ቤት የኖረች ናት፤ እጇ ግሩም ነው። ከፈለግሽ አንድ ቀን አውስሻለሁ።»

ሲንቄ ይህን የሰማችው እዚያው ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሶ የሳምቡሳ ሊጥ እያሸች ሳለች ነው። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል ያለው በር አይገጥምም። ቤቱ የአንድ ባለርስት በነበረ ጊዜ ይገጥም ነበር ይባላል፤ ለሰፊው ሕዝብ ተወርሶ ከሰፊው ሕዝብ መካከል ጓድ መርጋ ከነሚስቱ ከገባበት ወዲህ ግን ያበጠውን እንጨት የሚልግ ጠፋ። ስለዚህ ሳሎን የተወራ ሁሉ ጓዳ ይሰማል። ሲንቄ ሊጡን ማሸቷን አላቆመችም። አሰፋሽ የእናቷም የአባቷም ልጅ፣ ታናሽ እህቷ ናት። ከጉደር ማዶ ካለው የአባታቸው ቤት አምጥታ አምቦ ትምህርት ቤት ያስገባቻት፣ ህንዶቹ ቤት ወጥ ስትሠራ ከምታገኘው ደመወዝ የዩኒፎርም ጨርቅ የገዛችላት፣ ኋላም ለጓድ መርጋ የዳረቻት እሷ ናት። ያን ጊዜ «እትዬ» ነበረች። ጓድ መርጋ የፓርቲ አባል ሲሆን «ሲንቄ» ሆነች። የአውራጃው ኮሚቴ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጴንጤ ዘመድ ለእድገት እንቅፋት መሆኑ ስለታወቀ፣ እነሆ ሠራተኛ ሆና አረፈች። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በየፊናው ያድግ ነበር፤ እሷም ወደ ታች አደገች።

ሌላ ቀን ቢሆን ዱቄቱን አራግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ውልቅ ትል ነበር። ዛሬ ግን መቀየም የሚቻልበት ቀን አልነበረም። አንድ ልጇ ቀንዓ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ነጥብ ስላልመጣለት አናጢ ዘንድ ሙያ ይማር ነበር፤ ረቡዕ ለት ከጭልሞ ደን በኩል እንጨት አይቶ ሲመለስ የቀበሌ ጥበቃዎች አውቶቡስ ተራ ላይ ጠበቁት። መታወቂያ አለኝ ብሎ በኩራት አሳየ፤ መታወቂያውም ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና መድረሱን መሰከረበት። አሁን ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ሆኖ «በፈቃዳቸው የዘመቱ ወጣቶች» ይባላል። በፈቃዳቸው የዘመቱ ስለሆኑም በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸዋል። ነገ ሲነጋ መኪናው ይመጣል። የጎረቤቷ የወለተማርያም ልጅ አምና በእንዲያ ያለ መኪና ሄዶ፣ እስከ ዛሬ እንኳን ራሱ ሰላምታው አልተመለሰም። ወለተማርያም መኪና ባለፈ ቁጥር ከቤቷ ትወጣለች። ሲንቄ ከረቡዕ ጀምሮ ዓይኗን ስትጨፍን የሚታያት ያ ነው፤ ራሷ በር ላይ ቆማ መኪና ስትቆጥር።

ትናንት ይህን ይዛ እህቷ ዘንድ መጣች። ጓድ መርጋ አንዲት ቃል ቢናገር፣ ቃሉም ቀርቶ ለቀበሌው ሊቀመንበር አንገቱን ነቅነቅ ቢያደርግለት፣ ልጁ ማታውኑ ቤቱ ይገባል። አሰፋሽ ጥፍሯን እያየች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«እንግዲህ ነገ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ አለብን» አለች። «ጓድ አሻግሬ ይባላሉ፤ የአውራጃውን ሥራ ሊመረምሩ ነው የመጡት። ጨጓራቸውን ያማቸዋል። ሆቴል ክትፎ ቢቀርብላቸው አልነካም፣ የህንድ ምግብ ቢሆን ግን ይስማማኛል፣ ሥጋ የለውም አሉ። መርጋም ሰሞኑን ጨጓራው ተነሥቶበታል። አንቺ መጥተሽ ከሠራሽልን፣ በልተው ደስ ሲላቸው እኔ ራሴ አነሣለታለሁ።»

የጨጓራውን ነገር አምቦ ላይ የማያውቅ አልነበረም፤ የሚያወራው ነው የጠፋው። የአውራጃው ጓዶች ጨጓራ ሁዳዴ በገባ ሰኞ በጅምላ ይታመማል፤ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ሲጮህ በጅምላ ይድናል። ሕመሙ ሥጋና ቅቤ አይወድም፤ ሽሮና ምስር ይወዳል። ሌላም ምልክት አለው። በዚያ ሰሞን የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ፣ አጀንዳው አንድ መስመር ቢሆን እንኳ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት አያልቅም፤ ምሳም ስብሰባው ሲያልቅ ነው። ጓድ መርጋ ጾም ምርትን እንዴት እንደሚጎዳ ለቀበሌው ሕዝብ ሲያብራራ ዘጠኝ ሰዓት ያለፈበት ቀን አለ። ሲንቄ ያን ስብሰባ ተቀምጣ ሰምታለች። ጴንጤ ከሆነች ወዲህ የጾም ቀን መቁጠር ትታለች፤ ጓዶችም አይጾሙም ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሯታል። በተፈጥሮዋ ደግሞ ሰው የሚላትን እንደወረደ የምታምን ሴት ናት። ጨጓራ ሲሏት ጨጓራ መሰላት።

እንዲያውም አዘነችላቸው። ለጨጓራ ምን እንደሚሻል ከሚስስ ሻርማ ታውቃለች። ሚስስ ሻርማ ባላቸው ሚስተር ሻርማ ፊዚክስ ሲያስተምሩ በነበረበት ዘመን ከፍል ውኃው በላይ ይኖሩ የነበሩ፣ ሥጋ በቤታቸው ደጃፍ የማያልፍ ሴት ነበሩ። ቅቤና ወተት ግን እንደ ጸሎት ነው የሚይዙት። ጨጓራ የሚያቃጥለው ሰው ቤታቸው ከመጣ፣ ካሮት በወተትና በቅቤ ሠርተው በማንኪያ ያቀምሱታል። ቅቤውን የሚያነጥሩት ያለቅመም ነው፤ ኮሰረት የለው፣ ኮረሪማ የለው፣ አተላው ቡናማ እስኪሆን በቀስታ እሳት ላይ ይቆይና ወርቅ የመሰለ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። የኛ ሰው ቅቤን በቅመሙ ሽታ ነው የሚያውቀው፤ ያ ሽታ ከሌለ አፍንጫው ላይ ቢያፈሱበት አያውቀውም። ሲንቄ በዚያ ቤት ስምንት ዓመት ሠርታለች። ሻርማዎች አገራቸው ሲገቡ የሊጥ መዳመጫቸውንና አንዲት ቆርቆሮ ሄል ትተውላት ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲህ ሳምቡሳና ጣፋጭ እየሠራች ለሻይ ቤቶች ታስረክባለች፤ ስኳር ቀበሌ ሲመጣ ትሠራለች፣ ሲጠፋ ትጸልያለች። የጓድ መርጋ ቤት ግን ስኳር ጠፍቶ አያውቅም። ጓዳው ጥግ አንድ ጆንያ ሙሉ ቆሞ ስታየው መጀመሪያ ዱቄት መስሏት ነበር።

ሁሉንም በወጉ ሠራች። የሳምቡሳውን ዱቄት በቅቤ አሸችው፤ በጭብጥ ሲጨብጡት ቅርጹን የሚይዝ እስኪሆን፣ ልክ ሚስስ ሻርማ እንዳሳዩዋት። ድንቹንና አተሩን ከከሙንና ከተፈጨ ድምብላል ጋር ቆላችው። ሽምብራውን ከሌሊት ጀምራ ዘፍዝፋው ነበር፤ በሽንኩርትና በቲማቲም፣ እርድ ጣል አድርጋ ወጥ አደረገችው። ሩዙ ቢጫ ሆኖ እንደ አደይ ፈካ። ካሮቱን ፈቅፍቃ ወተት ውስጥ ጨመረችና ወተቱ እስኪመጠጥ ከምድጃው አጠገብ ሳትለይ አማሰለች። ከዚያ ከቤቷ ባመጣችው ብልቃጥ ካለው ቅቤ አፈሰሰችበት፤ ለታመመ ሰው ነው ብላ፣ ከልማዷ እጥፍ አደረገችው። የልጇ ነገር ያለው እዚህች ድስት ውስጥ ነው። ካሮቱ አምሮ ሲያብረቀርቅ ልቧ ትንሽ ረጋ።

አሰፋሽ ጠጉሯን ተሠርታ ስትመለስ ጓዳ ገባች። ብልቃጡን አየችው፤ ፈሳሽና ቢጫ ስለሆነ ዘይት ነው ብላ አለፈችው። ሥጋ የሌለበት ምግብ ቅቤ ይኖረዋል ብሎ ማሰብ አገሩ ያልለመደው ነገር ነው፤ አንዱ ከሄደ ሌላውም ይሄዳል። ከሳምቡሳው አንድ አነሣች፣ ደገመች፣ ከዚያ ከሰልፉ መካከል ጎዶሎ እንዳይታይ ሌሎቹን አጠጋግታ ደረደረች።

«ይጣፍጣል» አለች። «ነጠላሽን አውልቂና ያንን ሽርጥ ልበሺ። ጸጉርሽንም በሻሽ ሸፍኚው፣ እንግዳ ነው።»

ሲንቄ ነጠላዋን አጥፋ መስኮቱ ላይ አኖረች። ሽርጡ እህቷ ከአዲስ አበባ ያመጣችው፣ ኪሱ ላይ አበባ የተጠለፈበት ነው።

«አሱ፣ የቀንዓን ነገር ማታ ለኦቦ መርጋ ነካ አድርገሽለታል?»

አሰፋሽ የታጠበ ብርጭቆ አንሥታ ደግማ አጠበች። ሲንቄ እህቷ ትንሽ ልጅ ሳለች መልስ ስታጣ ምን ታደርግ እንደነበር ታስታውሳለች፤ እንዲሁ አንድ ነገር ታነሣና ታጥባለች። ያን ጊዜ ታስቃት ነበር። አሁን አላሳቀቻትም።

«ይብሉ አልኩሽ እኮ መጀመሪያ» አለች አሰፋሽ በመጨረሻ፣ ወደ ቧንቧው።

ስብሰባው እንደተለመደው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ጓድ አሻግሬ ወፈር ያሉ፣ ካኪያቸው የተተኮሰ፣ የረሃብ ወዝ ፊታቸው ላይ የወጣ ሰው ናቸው። ሹፌራቸው በረንዳ ላይ ቀረ። ማዕዱ ሲቀርብ ቀኝ እጃቸው ወደ ግንባራቸው ተነሣና መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ኮሌታቸውን አስተካከለ። ጓድ መርጋ ይህን አላየም፤ እሱም የራሱን ኮሌታ እያስተካከለ ነበር። ከዚያ ሁለቱም መጉረስ ጀመሩ። ሳምቡሳው ሄደ፣ ሩዙ ሄደ፣ ሽምብራው ተጠራርጎ ሄደ። ሲንቄ በማይገጥመው በር ቀዳዳ እያየች በየጉርሻው ልጇ ወደ ቤት አንድ አንድ እርምጃ የሚቀርብ ይመስላት ነበር። ካሮቱ በትናንሽ ሳህን ሲቀርብ ጓድ አሻግሬ አንድ ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንዲህ ያለ የ… የህንድ ምግብ በልቼ አላውቅም» አሉ። «ሠራተኛዋን ጥሯት እስቲ።»

ሲንቄ እጇን በሽርጡ እየጠረገች ገባች።

«ምን ምን ገብቶበት ነው እንዲህ የጣፈጠው?»

ሙያዋን የሚጠይቃት ሰው ካገኘች ሁለት ዓመት አልፏታል። ፊቷ ፈካ። «ካሮቱ ተፈቅፍቆ በወተት ነው የሚበስለው፣ ጌታዬ። ወተቱን እስኪመጥ ይማሰላል፤ ከዚያ በቅቤ ይቁላላል፣ ስኳርና ሄል ይገባበታል። ጨጓራዎን ያመዎታል ስለተባልኩ ቅቤውን እጥፍ አድርጌልዎታለሁ። የሳምቡሳውም ሊጥ በቅቤ ነው የታሸው።»

ማንኪያዎቹ ባሉበት ቆሙ። ጓድ አሻግሬ አፋቸው ውስጥ ያለውን አልዋጡም፣ አልተፉም፤ ለጊዜው አቆዩት። የጓድ መርጋ ጆሮ ቀላ። አሰፋሽ ጓዳ ውስጥ የበላችው ሳምቡሳ ትዝ አላት መሰለኝ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ዕለቱ ዓርብ፣ ጾሙ ሁዳዴ ነው። ሌላ ቤት ቢሆን አንዱ ተነሥቶ ይጮህ ነበር፣ አንዱ ወጥቶ ይተፋ ነበር፣ ንስሐ አባት ይጠራ ነበር። እዚህ ቤት ግን አንዱ ጓድ ሌላውን ጓድ አየ። የሚበላው ነገር ቅቤ በመሆኑ የሚደነግጥ ሰው ጾመኛ ነው፤ ጾመኛ የሆነ ሰው የፓርቲ ደብተሩ ያበቃለታል፤ ያንን ደግሞ ሪፖርት የሚያደርገው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ነው።

«ቅቤ ጥሩ ነው» አለ ጓድ መርጋ ቀድሞ፣ ከሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ ሙሉ አንሥቶ። «እኔ ቅቤ እወዳለሁ።»

ጓድ አሻግሬ አፋቸው ውስጥ የነበረውን ዋጡ። «እጅግ ጥሩ ነው» አሉና ሳህናቸውን ዘረጉ። «ጨምሩልኝ።»

ተጨመረላቸው። ጓድ መርጋም እንዳያንስ አስጨመረ። አንዱ ሲጎርስ ሌላው ይጎርሳል፣ አንዱ ሲያላምጥ ሌላው ያያል። ያን የመሰለ ጣፋጭ ሁለት ጎልማሶች ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊታቸውን እያኮማተሩ ሳህኑ እስኪጠረግ በሉት። ሲንቄ ቆማ ስታይ ገባት። ቀስ ብሎ፣ ከእግሯ ጀምሮ ገባት። አላሳቃትም። ሰው በእምነቱ ምክንያት መደበቅ ምን እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች፤ ስንት ዓመት መስኮት ዘግታ፣ ድምፅዋን አፍና የጸለየች ሴት ናት። ለነዚህ ሰዎች ከልቧ አዘነች፣ ልታዝንም አይገባትም ነበር።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ጾመኞች መሆናችሁን የነገረኝ የለም። ባውቅ በዘይት አሳምሬ እሠራው ነበር።»

«ማነው ጾመኛ?» አሉ ጓድ አሻግሬ። ድምፃቸው በረንዳው ድረስ ሄደ። «ጓድ መርጋ፣ እዚህ ቤት ጾመኛ አለ?»

«እኔ? በፍጹም፣ ጓድ።»

«ታዲያ ይቺ ሠራተኛችሁ የምትለው ምንድነው? ለመሆኑ ከየት ነው ያመጣችኋት?»

አሰፋሽ ወለሉን አየች። ጓድ መርጋ ሚስቱን አየ። ሲንቄ ነገሩ በእጇ ላይ ሲበላሽ ታያት፤ ምሳው ተበልቷል፣ ደስታው ጠፍቷል፣ እህቷ ዛሬም ነገም የምታነሣው ነገር እንደሌለ አወቀች። የቀራት የራሷ አፍ ብቻ ነው።

«ሠራተኛ አይደለሁም ጌታዬ፤ የአሰፋሽ ታላቅ እህት ነኝ። ልጄ ቀንዓ ቀበሌው አዳራሽ ተቆልፎበታል። ነገ ሊወስዱት ነው። ጓድ መርጋ አክስቱን ያገባ ነው፣ ያስፈታልኛል ብዬ ነው ስሠራ የዋልኩት። ማሎ፣ እባክዎ፣ ሌላ ልጅ የለኝም።»

ጓድ መርጋ የተቀመጠበት ወንበር ጠበበው። ጾም ሳያንስ ዘመድ፣ ዘመድ ሳያንስ ምልጃ፣ ያውም መርማሪ ፊት። ጓድ አሻግሬ ግን የጣታቸውን ቅቤ በናፕኪን አንድ በአንድ ጠረጉ። ከቅቤው ወሬ የሚበልጥ ወሬ መፈለጋቸው ነበር፤ ሲያገኙት ፊታቸው በራ።

«ጓድ መርጋ» አሉ፣ «የሚስትህ እህት ልጅ እየዘመተ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ይህን ሁሉ ሰዓት ሰበሰብከን?»

ጓድ መርጋ ባዶ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«በየአውራጃው ስዞር የማየው ኃላፊው ሁሉ የራሱን ዘመድ እየደበቀ የድኻ ልጅ ሲልክ ነው። የገዛ ቤተሰቡን አስቀድሞ የሰጠ ጓድ አሁን ገና አየሁ። ይህ በሪፖርቴ መጀመሪያ ላይ ነው የሚገባው።»

«ግዴታችን ነው፣ ጓድ» አለ ጓድ መርጋ። ጨጓራው ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሻለው ፊቱ ላይ ታየ።

አሰፋሽም ተነሣች። ሲንቄን ከነሽርጧ አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ሽቶዋና የሽንኩርቱ ሽታ ተቀላቀለ። «እህቴ ናት» አለች ለጓድ አሻግሬ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቀንዓም ልጄ ማለት ነው፤ አንድ ላይ ነው ያሳደግነው።» እንባው የውሸት አልነበረም። ያ ነው ሲንቄን ያናደዳት።

«እኔ እኮ ይፈታልኝ ነው ያልኩት» አለች ሲንቄ። ጮክ ብላ ነው ያለችው። ደግማም አለችው። ግን ሁለቱ ጓዶች ስለ ነገው ሽኝት እየተነጋገሩ ነበር፤ ቀንዓ በዘማቾቹ ስም ንግግር ያደርጋል፣ እናት ፊተኛው ረድፍ ትቀመጣለች፣ ጓድ መርጋ ከጎኗ። ልጁ በዚያ በቆሸሸ ልብሱ ሰው ፊት እንዳይቆም አሰፋሽ ከባሏ ሸሚዞች አንድ ነጭ አውጥታ ተኮሰች፤ ራሷ ናት የተኮሰችው። ሲንቄን ሸሚዙን አስያዟትና የእንግዳው ሹፌር እንዲያደርሳት ታዘዘ። ሹፌሩ የፊተኛውን በር ከፈተላት። ስንት ዓመት በዚያች ከተማ ስትኖር በፓርቲ መኪና የፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው። መንገድ ላይ የሚያውቋት ሰዎች ቆመው አዩዋት፤ አንዳንዱም ሰላም አላት።

የአዳራሹ ዘበኛ መኪናውን ሲያይ ሳይጠየቅ በሩን ከፈተ። ልጆቹ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሽታቸው እስከ ደጅ ይመጣል። ቀንዓ እናቱን አያት። መኪናውን አየ፣ ሹፌሩን አየ፣ የተተኮሰውን ነጭ ሸሚዝ አየ። ዘልሎ ተነሣ። ረቡዕ ከያዙት ወዲህ ያልሳቀው ሳቅ ፊቱን ሞላው።

«እናቴ ናት፤ ልወጣ ነው» አለ ለጎረቤቱ። ጎረቤቱ ከሐሮ ወንጪ ፈረስ ሊሸጥ መጥቶ የተያዘ፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ብቻ የለበሰ ልጅ ነበር። ቀንዓ ከትከሻው ላይ እናቱ የላከችለትን ብርድ ልብስ ገፈፈና አለበሰው። «ለአንተ ይሁን፤ እኔ ቤቴ ሌላ አለኝ።» ከዚያ ወዲያ ወዲህ እያለ ሁሉንም ይጨብጥ ጀመር።

ሲንቄ ደፉን አልተሻገረችም። ሸሚዙን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ልጇ የመጨረሻውን ልጅ እስኪጨብጥ ጠበቀችው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አለችው፣ «ብርድ ልብስህን ተቀበለው።»